አንድ ኪኒን፣ ሁለት ሰው፦ ጂናችን ስለምንውጠው መድኃኒት ምን ይናገራል?

አክስቴ ከለንደን በመጣች ቁጥር የሻንጣዋ አንድ ጎን ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው። ለእናቴ የጉልበት ቅባት፣ ለአጎቴ ቫይታሚን፣ ለሁላችን ደግሞ «ለማንኛውም ይቀመጥ» የሚባል የሕመም ማስታገሻ ታመጣለች። የእኛን ቤት የመድኃኒት መሳቢያ የሞላችው እሷ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ባለቤቴን ጥርሱን አመመውና ከዚያ መሳቢያ ሁለት ኪኒን አውጥቶ ዋጠ። ፓራሲታሞልና ኮዴይን የተቀላቀሉበት ማስታገሻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት «ውኃ የጠጣሁ ነው የመሰለኝ» አለኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። መንጋጋዬን ተነቅዬ ስገባ ማደንዘዣው ለቀቀኝና ሕመሙ ጠናብኝ፤ ከዚያው ፓኬት ሁለት ኪኒን ዋጥኩ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አዞረኝ፣ አስመለሰኝ፣ ዐይኔን መግለጥ አቃተኝ። ባለቤቴ ስሜን እየጠራ ሲያናውጠኝ ድምፁ ከሌላ ግቢ የሚመጣ ነበር የሚመስለኝ። ሲነጋ ተሻለኝ። «ባዶ ሆድሽን ስለወሰድሽው ነው» ተባባልንና ነገሩን ረሳነው።

ረሳነው ያልኩት እስከዚያች ሌሊት ድረስ ነው። የስድስት ዓመት ልጃችን የቶንሲል ቀዶ ሕክምና አድርጋ ቤት በገባች በሁለተኛው ሌሊት ጉሮሮዋን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ሐኪም ቤት የታዘዘላትን ወስዳለች፤ ቀጣዩ ሰዓት ገና አልደረሰም። ባለቤቴ መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ፓኬት አነሳና «ግማሿን ብንሰጣትስ?» አለ። እኔም እሺ ልል ነበር። ልታስታምም የመጣችው እናቴ ግን ከአልጋው ጥግ ሆና «እናቷን እንዲያ የጣለ መድኃኒት ልጅቱን ምን ሊያደርጋት ነው?» አለች። አልሰጠናትም። ቀዝቃዛ ውኃ በማንኪያ እያቀመስናት፣ ተረት እያወራንላት አነጋን።

በማግስቱ ለሕፃናት ሐኪሟ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እንኳንም አልሰጣችኋት» አለችኝ። ከዚያም ስለ አንድ ጂን አወራችልኝ። የእኔ ትምህርት ቢዝነስ፣ ሥራዬም ማርኬቲንግ ነው፤ ባዮሎጂን የተሰናበትኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ቢሆንም ያቺ ሌሊት አላስቀምጥ ብላኝ ለሳምንታት ሳነብ ከረምኩ። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጽሑፍ የዚያ ንባብ ውጤት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ጥሬ ቡናና ምጣድ

በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ትምህርት «ሁሉም ሰው የሚባል ደንበኛ የለም» የሚል ነው። የመድኃኒት ፓኬት ግን የሚናገረው ለሁሉም ሰው ነው፦ «ለአዋቂ ሁለት ኪኒን፣ በየስድስት ሰዓቱ።» ይህ መመሪያ አማካይ ለሆነ ሰው የተሰላ ነው። አማካይ ካልሆንን ምን ይፈጠራል?

ኮዴይንን እንደ ጥሬ ቡና አስቡት። ጥሬ ቡና ተፈልቶ ቢጠጣ ያ የምናውቀው ቡና አይሆንም፤ መጀመሪያ መቆላት አለበት። ኮዴይንም እንዳለ ደካማ ነገር ነው፤ ሕመም የሚያስታግሰው ጉበታችን ውስጥ የተወሰነው ክፍሉ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። አብዛኛው ሰው ከዋጠው ኮዴይን ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆነውን ብቻ ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ይህን የመቁላት ሥራ የሚሠራው ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። ምጣዱ እሱ ነው እንበል።

የዚህን ምጣድ አሠራር የያዘው ጂን በ22ኛው ክሮሞዞማችን ላይ ይገኛል። ብዙ ሰው ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት ያገኛል። አንዳንዱ ሰው ግን ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹ ናቸው፤ ምጣድ የለውም ማለት ነው። ይህ ሰው ኮዴይን ቢውጥ ጥሬው ጥሬ እንደሆነ ይቀራል፣ ሕመሙም አይታገስለትም። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጂኑ ተባዝቶ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ያላቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ዘንድ ቡናው በአንድ ጊዜ በብዙ ምጣድ ይቆላል፤ በአጭር ጊዜ ብዙ ሞርፊን ደም ውስጥ ይገባል።

ሞርፊን ሲበዛ እንቅልፍ ማብዛት ብቻ አይደለም የሚያደርገው፤ አተነፋፈስን ያዘገያል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ በተለይ ለሕፃን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 ቶንሲላቸውን ላስወጡ ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ በጠንካራው የማስጠንቀቂያ ደረጃው ያሳሰበው፣ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ ኮዴይን ተሰጥቷቸው የሞቱ ልጆች ስለነበሩ ነው። ከእነሱም መካከል ኮዴይንን በፍጥነት የሚለውጡ ይገኙበታል። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱ አሳሰበ። ትራማዶልም የሚያልፈው በዚያው ምጣድ በኩል ነው።

ይህን ባነበብኩ ቀን ከሥራ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ልጄን አቅፎ መሳም ነበር።

ራሱ ላይ የሞከረው ሳይንቲስት

ሳይንቲስቶች ይህን ሁሉ እንዴት ደረሱበት? ታሪኩ የሚጀምረው ከእኔና ከባለቤቴ ታሪክ ጋር በሚመሳሰል ነገር ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ለንደን በሚገኘው የሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ሮበርት ስሚዝ የሚባል ተመራማሪ ደብሪሶኪን ስለተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ያጠና ነበር። እሱና ባልደረቦቹ መድኃኒቱን ራሳቸው ወሰዱት። ሌሎቹ ይህ ነው የሚባል ነገር አልተሰማቸውም። ስሚዝ ግን የደም ግፊቱ ክፉኛ ወርዶ፣ አዞሮት መቆም አቃተው።

ብዙዎቻችን ብንሆን «ባዶ ሆዴን ስለነበርኩ ነው» ብለን እንተወው ነበር። ስሚዝ ግን «ለምን እኔን ብቻ?» ብሎ ጠየቀ። የእሱና የባልደረቦቹ ሽንት ሲመረመር ሌሎቹ አብዛኛውን መድኃኒት ለውጠው አስወግደውታል፤ የእሱ ሰውነት ግን ሳይለውጠው ቀርቷል። ቡድኑ 94 ፈቃደኞችን መረመረና ሦስቱ እንደ እሱ ዓይነት ሆነው ተገኙ። ቤተሰቦቻቸው ሲጠኑ ደግሞ ነገሩ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚተላለፍ መሆኑ ታየ። ውጤቱ በ1977 ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያን ጊዜ ጂኑን ያየው ሰው አልነበረም። ስሚዝና ጓደኞቹ ያወቁት ጭሱን አይተው እሳት እንዳለ እንደሚያውቅ ሰው ነው። ጂኑ ራሱ ተለይቶ የተገኘው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1993 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች ሌላውን ጫፍ አገኙ፦ አንድ አባትና ሁለት ልጆቹ ይህ ጂን አሥራ ሁለት ጊዜ ተባዝቶባቸው። ለሌላው ሰው የሚበቃው የመድኃኒት መጠን ለእነሱ ምንም አይደለም፤ ገና ሥራውን ሳይጀምር ሰውነታቸው ያጠፋዋል።

«ኮዴይን በብዛቱ ያሰክራል አላልሽም?» ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኮዴይን የሚሠራው ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ደብሪሶኪንና ብዙ የድብርት መድኃኒቶች ግን የሚሠሩት ሳይለወጡ ነው። ስለዚህ ያው ፈጣን ምጣድ ለአንዱ መድኃኒት መጠኑን ያበዛል፣ ለሌላው ያሳንሳል። ይህ ኢንዛይም በሐኪም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች የአንድ አምስተኛውን ያህል እንደሚነካ ስታስቡ የነገሩ ስፋት ይገባችኋል።

ፊደሉ አራት ብቻ ነው

የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ሆሄያት አሉት። የዲኤንኤ ፊደል ግን አራት ብቻ ነው፦ ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ ተብለው የሚጠሩ አራት ኬሚካሎች። ከእያንዳንዱ ወላጅ ሦስት ቢሊዮን የሚያህሉ ሆሄያት እንወርሳለን። የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ጠቅላላ ስሙ ጂኖም ነው። ጂን ደግሞ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያለ አንድ መመሪያ ነው፤ ኢንዛይምን የመሰሉ ፕሮቲኖች የሚሠሩባቸው ጂኖች 20,000 ገደማ ይሆናሉ።

ታዲያ ይህ ጽሑፍ እንዴት ይነበባል? መጀመሪያ ትንሽ ደም ወይም ምራቅ ይወሰዳል። ሴሎቹ በሳሙና መሰል ፈሳሽ ይሰበሩና ዲኤንኤው ተለይቶ ይወጣል። ከዚያ የሚፈለገው ክፍል ይባዛል። አሜሪካዊው ካሪ ሙሊስ በ1983 ያሰበው ፒሲአር የተባለው ዘዴ በእያንዳንዱ ዙር ቅጂውን እጥፍ ያደርገዋል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን ያልፋል። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ ገብቶ ይወጣ የነበረው ጥጥ የሚሄደው ወደዚህ ዘዴ ነበር።

ቀጥሎ ሆሄያቱን አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ለዚህ ተግባራዊ የሆነውን ዘዴ በ1977 ያወጣው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሳንገር ነው፤ በዚህም ሁለተኛውን የኖቤል ሽልማት በ1980 ተቀበለ። የዛሬዎቹ ማሽኖች ደግሞ ብዙ ሚሊዮን ቁርጥራጮችን በአንድ ጊዜ ያነባሉ። ችግሩ እያንዳንዱ ቁራጭ ብዙውን ጊዜ መቶ፣ መቶ ሃምሳ ሆሄ ያህል ብቻ መሆኑ ነው።

መቶ ቅጂ ተመሳሳይ ጋዜጣ ተቀዳዶ በአንድ ከረጢት ውስጥ ቢሰጣችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የአንዱ ቁራጭ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ሲመሳሰል እያያያዛችሁ ገጹን ትሠራላችሁ። ኮምፒውተሩም ያንኑ ነው የሚያደርገው፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የተነበበን አንድ ጂኖም እንደ ናሙና አጠገቡ አስቀምጦ ያነጻጽራል። ከአንድ ዜና የተቀደዱት ቁርጥራጮች ከሌሎቹ እጥፍ ሆነው ከመጡ ደግሞ ያ ዜና በጋዜጣው ላይ ሁለት ጊዜ ታትሟል ማለት ነው። ተመራማሪዎች የተባዛ ጂን እንዳለን የሚያውቁት በዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው።

የእኛ ምጣድ ግን ቀላል አንባቢ አይወድም። ከጎኑ መልኩ በጣም የሚመስለው፣ ሥራ ግን የማይሠራ ጎረቤት ጂን አለው። አጫጭር ቁርጥራጮች ሲነበቡ የትኛው የማን እንደሆነ ይምታታል። ረዣዥም ቁራጮችን ሳይቆርጡ የሚያነቡ አዳዲስ ማሽኖች የተፈለጉትም እንዲህ ላሉ ቦታዎች ነው።

በጋዜጣ ማስታወቂያ የተጀመረው ጂኖም

እንደ ማርኬቲንግ ባለሙያ ከሁሉም በላይ ያስገረመኝን ልንገራችሁ። የሰውን ልጅ ጂኖም የማንበብ ፕሮጀክት በ1990 ተጀምሮ በ2003 ተጠናቋል ተባለ፤ ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪም ጠይቋል። በእርግጥ ያን ጊዜ ማሽኖቹ ማንበብ ያልቻሏቸው ክፍሎች ቀርተው ነበር፤ ሙሉው የተነበበው በ2022 ነው። ዛሬ የአንድን ሰው ጂኖም ለማንበብ ከ1,000 ዶላር በታች ይበቃል።

ግን ያ የመጀመሪያው ጂኖም የማን ነበር? በ1997 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት በባፋሎ ከተማ ጋዜጣ ላይ ፈቃደኞች የሚፈለጉበት ማስታወቂያ ወጣ። ደም ከሰጡት መካከል ማንነቱ ያልተገለጸ አንድ ሰው ጂኖም ከጠቅላላው ማነጻጸሪያ 70 በመቶ ያህሉን ይዟል። ለብዙ ዓመታት የዓለም ሁሉ ዲኤንኤ ሲነበብ «ከዚህ የት ይለያል?» እየተባለ የሚነጻጸረው በዋናነት ከአንዲት ከተማ ማስታወቂያ አንባቢ ጋር ነበር ማለት ነው።

በእኛ ቋንቋ ይህ የናሙና ችግር ነው። ቦሌ ያሉ ደንበኞችን ብቻ ጠይቄ ለመላው አገር ምርት ባወጣ አለቃዬ ያባርረኛል። ሳይንቲስቶቹም ችግሩን ያውቁታል። በ2023 ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች ከመጡ 47 ሰዎች የተሠራ አዲስ ማነጻጸሪያ ረቂቅ አውጥተዋል፤ በአፍሪካም አፍሪካውያን ተመራማሪዎች የመሩት የጂኖም ጥናት ትብብር በ2010 ተመሥርቶ ነበር። ያም ሆኖ በዘርፉ እስከ ዛሬ ከተጠኑት ሰዎች እጅግ የሚበዙት አውሮፓዊ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የሰው ልጅ ልዩነት በብዛት የሚገኘው ግን አፍሪካ ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያውያን ሲጠኑ የታየው

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1990ዎቹ በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ኢትዮጵያዊቷን እሌኒ አክሊሉን ይዘው ይህን ጂን በኢትዮጵያውያን ላይ አጠኑ። ከመቶ በላይ ጤናማ ሰዎች ተሳትፈዋል። የስሚዝን ደብሪሶኪን ወስደው ሽንታቸው ተለካ፤ ዲኤንኤያቸው ደግሞ በኢንዛይም ተቆራርጦ በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ላይ እንዲጓዝ ተደረገ። በዚህ ጉዞ አጭሩ ቁራጭ ሩቅ ይሄዳል፣ ረጅሙ ወደኋላ ይቀራል። ጂኑ የተባዛባቸው ሰዎች ዲኤንኤ የተለየ መስመር ያሳያል።

ውጤቱ በ1996 ሲታተም ብዙዎችን አስደነቀ። ከተጠኑት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተባዛ ጂን ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ቁጥር 1 ወይም 2 በመቶ ብቻ ነው። ቆይቶ በሳውዲ አረቢያ በተደረገ ጥናትም ከአምስት ሰዎች አንዱ ያህል ተባዝቶበት ተገኝቷል።

ለምን እኛ አካባቢ በዛ? የካሮሊንስካው ማግኑስ ኢንግልማን ሱንድበርግ አንድ መላምት አላቸው። ይህ ኢንዛይም ከመድኃኒት በፊት ሌላ ሥራ ነበረው፤ በዕፅዋት ውስጥ ያሉ መርዛማ ነገሮችን ማርከስ። በጥንት ዘመን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ምግብ ሲጠፋ ሰው ያገኘውን ሥርና ቅጠል እየበላ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ ተጨማሪ ምጣድ ያለው ሰው ሌላው የማይችለውን ቅጠል በልቶ መትረፍ ይችል ነበር። ልጆቹም ያንኑ ወረሱ። ገና መላምት ቢሆንም ሳነበው ዝም አሰኝቶኛል። ከረሃብ ያተረፈን ነገር በእኛ ዘመን ከአንዲት ኪኒን ጋር ሲገናኝ አደጋ ሊሆን ይችላል።

ይህን ቁጥር ግን ከሚገባው በላይ እንዳንለጥጠው። 29 በመቶ ማለት 71 በመቶው የተባዛ ጂን አልተገኘባቸውም ማለት ነው። አገራችን ብዙ ሕዝቦች ያሉባት ናት፤ የአንድ ጥናት ተሳታፊዎችም ሁላችንንም አይወክሉም። የአንድ ሰው ስም፣ መልክ ወይም የትውልድ ቦታ ምን ያህል ቅጂ እንዳለው አይናገርም፤ የሚናገረው የራሱ ዲኤንኤ ብቻ ነው። እኔም አልተመረመርኩም። ባለቤቴ ምጣድ የሌለው፣ እኔ ምጣድ የበዛብኝ መሆናችንን አላረጋገጥኩም። ያ ሌሊት ግን ጥያቄውን እንድጠይቅ አድርጎኛል።

ጂን ሁሉን አይወስንም

በ2002 የታተመ ሌላው የእሌኒ አክሊሉና የባልደረቦቿ ጥናት በተለይ ውጭ አገር ዘመድ ላለን ሰዎች የሚገርም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸሩ። ተመሳሳይ ጂን ይዘው እንኳ አገር ቤት ያሉት መድኃኒቱን የሚለውጡት ስዊድን ካሉት በዝግታ ሆኖ ተገኘ። ጂኑ ያው ነው፤ የተለየው አኗኗሩ ነው። ተመራማሪዎቹ ምግብን የመሰሉ የአካባቢ ነገሮች ኢንዛይሙን ሳያዘገዩት አይቀሩም ብለዋል።

ስለዚህ አክስቴ ለንደን ሆና የተስማማት ማስታገሻ አዲስ አበባ ላለነው ለእህቷ ልጅ ሊስማማ የሚገባበት ምክንያት የለም። ዕድሜ፣ የጉበትና የኩላሊት ጤና፣ ሌላ የምንወስደው መድኃኒት፣ ምግባችን፣ ሁሉም የየራሱ ድርሻ አለው። ጂን ከድርሻዎቹ አንዱ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ትልቁ ነው።

ኮዴይን ብቻውን አይደለም። ለወባ የሚሰጠው ፕሪማኪን ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በዘር በጎደላቸው ሰዎች ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ሊሰብር ይችላል። የቲቢ መድኃኒት የሆነውን አይሶናይዛይድን አንዳንዱ ሰው በፍጥነት፣ አንዳንዱ በዝግታ ከሰውነቱ ያስወግዳል። ሳይንሱ እየሄደ ያለው «ይህ መድኃኒት ጥሩ ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ «ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው ጥሩ ነው ወይ?» ወደሚለው ነው።

ታዲያ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

የጂን ምርመራ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ደግነቱ ያለ ምርመራም የምናደርገው ብዙ ነው። ከልጄ ሐኪም የሰማሁትንና በእኛ ቤት የጀመርነውን ላካፍላችሁ።

• ለአንዱ የታዘዘ መድኃኒት ለሌላው አይሰጥም። ለአዋቂ የተሠራ ኪኒን «ግማሹ» ለሕፃን መጠን አይደለም።

• ከውጭ የመጣ መድኃኒት ሁሉ ስሙ ብቻ ሳይሆን ውስጡ ያለው ይነበባል። ኮዴይን ወይም ትራማዶል ካለበት ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፤ የሳል ሽሮፕም ቢሆን። የምታጠባ እናትም ሐኪሟን ሳታማክር አትውሰድ።

• በማስታገሻ ምክንያት ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ መደነጋገር፣ የዘገየ ወይም የከበደ አተነፋፈስ ካያችሁ፣ የሚጠባ ሕፃን ለመጥባት መንቃት ካቃተው፣ «ይተኛ» ብላችሁ አትለፉት። ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ሕክምና ውሰዱ።

• መድኃኒት ምንም ካልሠራላችሁ መጠኑን በራሳችሁ አትጨምሩ፤ ከከበዳችሁም በራሳችሁ አታቋርጡ። ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለእሱ ትልቅ መረጃ ነው። የዘርፉ መመሪያዎች ኮዴይንን በጣም ፈጥኖ ለሚለውጠውም ጨርሶ ለማይለውጠውም ሌላ ማስታገሻ እንዲታዘዝ ይመክራሉ፤ አማራጭ አለ ማለት ነው።

• የቤተሰብ የመድኃኒት ማስታወሻ ይኑራችሁ፦ ማን፣ ምን መድኃኒት፣ ስንት ወሰደ፣ ምን ሆነ? ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ይዛችሁት ሂዱ።

ይህን የመጨረሻውን የጀመርነው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ነው። የልጄን አሮጌ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩና መጀመሪያ የራሴን፣ ከዚያ የባለቤቴን ጻፍኩ። ወደ እናቴ ዞሬ «እማዬ፣ አንቺስ? የከበደሽ መድኃኒት አለ?» አልኳት።

ሲኒዋን አስቀመጠችና «ታናሽ ወንድምሽን የወለድኩ ጊዜ ለሳል ብለው አንድ ሽሮፕ ሰጥተውኝ ሁለት ቀን እንደ ሰከረ ሰው ሆኜ ነበር» አለች። «ስሙን አላስታውሰውም። ጎረቤት ነው ልጁን የያዘልኝ።»

ብዕሬን ይዤ ቀረሁ። ያቺ ሌሊት ከአልጋው ጥግ የተናገረችው ከግምት ተነሥታ አልነበረም ማለት ነው። ሽሮፑ ውስጥ ምን እንደነበር ዛሬ ማወቅ አይቻልም፤ ከጂኔ ሁለት ቅጂዎች አንዱ ግን ከእሷ የመጣ መሆኑ እርግጥ ነው። «ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለች እናቴ።

ስሟን በደብተሩ ሦስተኛ ገጽ ላይ ጻፍኩ። በሚቀጥለው እሑድ የአባቴን ወገን ልንጠይቅ ቀጠሮ ይዘናል።